የእንግዳ ጤና አማና ነው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የዛሬው ትምህርታችን ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ እንግዳ ነው። አንዳንዶቻችሁ ቤት በቅርቡ መጥቷል፣ ወይም ሊመጣ ነው። ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ የአክስት ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ለጥናት የመጣ ተማሪ፣ ለሕክምና የመጣች ሐኪም፣ ወይም ዓባይን ለማየት የጓጓ ጎብኚ። ሙስሊም የሆነም አለ። ስለ እስልምና በዜና ከሰማው ውጪ ምንም የማያውቅም አለ። ይህ ሁለተኛው ሰው ቁርኣንን ከማንበቡ በፊት እናንተን ነው የሚያነበው።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ እንማራለን፦ የእንግዳችንን ጤና እንዴት እንደምንጠብቅና ስለ ዲናችን ሲጠይቀን እንዴት እንደምንመልስ። ሁለቱ አንድ ጉዳይ ናቸው። እንግዳችሁን ያልፈላ ውኃ አጠጥታችሁ ስለ እስልምና እዝነት ብትነግሩት ምላሳችሁ የገነባውን እጃችሁ ያፈርሰዋል። ሳይጠይቃችሁ አጎበሩን አስተካክላችሁ ብትሰቅሉለት ግን ትምህርቱን ጀምራችኋል ማለት ነው።

*መጀመሪያ እንግዶቹ እኛ ነበርን*

በዚህች አገር ስለ እስልምና ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው በእንግዶች አንደበት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይ ሆነው በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ሶሓቦች ከመካ በደል ሸሽተው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ንጉሡ ነጃሺ ወደ ችሎታቸው አስጠርተው ስለ ሃይማኖታቸው ጠየቋቸው። ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ተነሥተው መለሱ። ታሪኩን በቦታው የነበሩት እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) አስተላልፈውልናል። ወደ ጃዕፈር መልስ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌላም እንግዶች እናስታውስ። ሙሃጂሮች መዲና ሲገቡ አየሩ ስላልተስማማቸው ብዙዎቹ በትኩሳት ወደቁ። ከታመሙት መካከል አቡ በክርና ቢላል (ረ.ዐ) ይገኙበታል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገብተው ጠየቋቸው። ቢላል ትኩሳቱ ሲለቃቸው የመካን ሸለቆዎችና ሣሯን ይናፍቁ ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ መዲናን እንድናፈቅራት፣ ጤናማም እንዲያደርጋት፣ ትኩሳቷንም ከእሷ እንዲያርቅ አላህን ለመኑ። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። ሱብሓነላህ! አገር የለወጠ ሰው እንደሚታመም፣ የታመመ እንግዳም ቤቱ እንደሚናፍቀው ረሱላችን ያውቁ ነበር። እንግዳችሁ ትኩሳት ይዞት በአልጋ ላይ ሲገላበጥ ቢላልን አስቡ።

*ተወኩልና ጥንቃቄ*

«አላህ ካለ ወባ አይነካውም፤ አጎበር ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው በየሰፈራችን አይጠፋም። እንዲህ ያለው ንግግር ኢማን መስሎ ይሰማል። ዲናችን ያስተማረን ግን ይህን አይደለም። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ ብሎ ለጠየቀው ሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንዲያስር፣ ከዚያም በአላህ እንዲመካ ነግረውታል፤ ቲርሚዚ ዘግበውታል።

ኡመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን፣ አንሷሮችንና የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩና ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን? ብለው ጠየቁ። ኡመር ሽሽታቸው ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር መሆኑን ነገሯቸው፤ ምሳሌም ሰጡ። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ ወደሆነ ሸለቆ ግመሎቹን ይዞ የወረደ ሰው በየትኛውም በኩል ቢያግድ ያገደው በአላህ ቀደር ነው። በኋላ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም ካለበት አገር ሸሽቶ መውጣትንም የሚከለክለውን ሐዲስ ከረሱል መስማታቸውን ተናገሩ። ኡመርም አላህን አመሰገኑ።

እንግዲህ ክትባት የወሰደ፣ አጎበር የዘረጋ፣ ውኃ ያፈላ ሰው ከቀደር አልወጣም። ለምለሙን ወገን መርጧል።

*ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ*

ለምሳሌ የጎጃምን መንገድ እንውሰድ። እንግዳችሁን ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ ወደ ቢቸናና ሞጣ ልትወስዱት ነው እንበል። ጎሐ ጽዮን ላይ ብርድ ነው። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከታች የዓባይ ድልድይ አለ፤ በረሃ ነው። ድልድዩን ተሻግራችሁ እንደገና ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። ከደጀን ወደ ቢቸና፣ ከዚያም ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ደጋ ነው፤ ከፍታው ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። በግማሽ ቀን ውስጥ ደጋና ቆላ ታያላችሁ ማለት ነው። በሽታውም እንዲሁ ይለዋወጣል።

1ኛ. ከሁሉ በፊት መንገዱን ጠይቁ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ ጉዞ የሚያሰጋበት ጊዜ አለ። እንግዳ አገሩን አያውቅም፤ የሚያምነው እናንተን ነው። «ዛሬ አንሄድም» ብላችሁ ብታሳዝኑት ይሻላል። ሌሊት አትጓዙ። በቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ ሲፈጥን ዝም አትበሉ። ቀበቶውን አሳስሩት። ተጓዦችን በብዛት ከሚገድሉ ነገሮች አንዱ የመኪና አደጋ ነው።

2ኛ. ከመምጣቱ በፊት መልእክት ላኩለት። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት አገሩ ላይ ሐኪም እንዲያይ ንገሩት። ሐኪሙ ስለ ታይፎይድ፣ ስለ ሄፓታይተስ ኤ፣ ስለ ማጅራት ገትርና ስለ እብድ ውሻ በሽታ ክትባቶች ይመክረዋል። ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች የሚመጣ ከሆነ የክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መውሰድ ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ይህ ካርድ ዕድሜ ልክ ያገለግላል።

3ኛ. ወባ። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ላይ ስጋቱ የለም፤ ዓባይ በረሃ ላይ ግን አለ። የሚበረታው ከክረምት በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦትም ያገረሻል። የወባ ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ሙስሊም እንግዳችሁ ይህን ልብ ይበል፤ ለመግሪብ፣ ለዒሻና ለፈጅር ሶላት የሚወጣበት ሰዓት እሱ ነው። ቆላ ላይ ካደረ እጅጌውና ሱሪው ረጅም ይሁን፤ የትንኝ መከላከያ ቅባት ይቀባ፤ በአጎበር ውስጥ ይተኛ።

ሐኪሙ እንደ ዶክሲሳይክሊን ወይም አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ያለ መከላከያ መድኃኒት ካዘዘለት ከበረሃው ሲወጣ እንዳያቆመው አስታውሱት። ዶክሲሳይክሊን ከወባ አካባቢ ከወጣ በኋላ 4 ሳምንት፣ አቶቫኮን-ፕሮጓኒል ደግሞ 7 ቀን ይቀጥላል። መድኃኒቱን የወሰደም ቢሆን ትኩሳት ከያዘው በዚያው ቀን ደሙን ይመርመር። በሞጣም በቢቸናም ሆስፒታል አለ። ወደ አገሩ ከተመለሰ ከወራት በኋላ እንኳ ትኩሳት ቢይዘው፣ ወባ ያለበት አገር መጓዙን ለሐኪሙ እንዲናገር ንገሩት። ፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት በጉበት ተደብቆ ቆይቶ ይነሣል። ፋልሲፓረም የሚባለው ደግሞ ሕክምና ከዘገየ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

4ኛ. ውኃ። ደጋ ላይ ውኃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፤ በሞጣ ከፍታ ወደ 92 ዲግሪ ገደማ። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሙስሊም እንግዳ ካለ አንድ ነገር አትርሱ። ዉዱእ ሲያደርግ አፉን የሚጉመጠመጥበት ውኃም ወደ ሆድ ሊገባ ይችላል። ለዚያ የምትሆን አንድ ኩባያ የፈላ ውኃ አስቀምጡለት። ዕቃውን ሌሊት ክደኑ፤ ይህ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ነው።

ተቅማጥ ከያዘው ኦአርኤስ ስጡት። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡለት። ደም ከቀላቀለ ወይም ትኩሳት ከጨመረ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

5ኛ. ምግብ። ትኩስ ምግብ፣ የፈላ ቡናና ሻይ፣ ተልጦ የሚበላ ፍራፍሬ ጥሩ ነው። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣል። ሰላጣ ባልፈላ ውኃ ከታጠበ ሆድ ይረብሻል። «ካልበላህልኝ አዝናለሁ» ብለን እንግዳን የምናስጨንቅበት ልማድ አለን። ክብሩ በማጉረስ ብዛት አይደለም። «አይስማማኝም» ካለ እመኑት።

6ኛ. ወንዝ። ውኃው ስለሚያምር መዋኘት ይፈልጋል። ቀስ ብሎ በሚፈስ ወይም በቆመ ውኃ ውስጥ የብልሃርዚያ ትል በቆዳ በኩል ይገባል። የሚሠራጨውም ሰው ውኃው ውስጥ ወይም ዳር ሲጸዳዳ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በቆመ ውኃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። በውኃ መቅጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትንም እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረዋል። እንግዳው እንዳይገባ ስንነግረው ለራሳችንም ትምህርት ነው። እሱ ተመልሶ ይሄዳል፤ ያን ውኃ የሚጠጡት የሰፈራችን ልጆች ናቸው።

7ኛ. ውሻ። ከነከሰው ወይም ቁስሉን ከላሰው፣ ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀንም ለክትባት ውሰዱት። «ውሻው ጤነኛ ይመስላል» ብላችሁ አትጠብቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

8ኛ. ጾም። በረመዷን የመጣ ሙስሊም እንግዳ ታሞም ቢሆን «እጾማለሁ» ሊል ይችላል። ለበሽተኛና ለመንገደኛ በሌላ ቀን መክፈልን የፈቀደው አላህ ራሱ ነው፤ በሱረቱል በቀራ ላይ ተቀምጧል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ ጾም አድክሞት ሰዎች ከብበው ጥላ የሠሩለትን ሰው አይተው፣ እንዲህ ሆኖ በጉዞ መጾም ከመልካም ሥራ እንደማይቆጠር ተናግረዋል። ሩኽሷውን ንገሩት፤ አታሳቅቁት።

*ስለ እስልምና ሲጠይቃችሁ*

አሁን ወደ ጃዕፈር እንመለስ። በነጃሺ ፊት የሰጡት መልስ ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ስለ ራሳቸው ሕዝብ እውነቱን ተናገሩ፦ ጣዖት ያመልኩ፣ ጥንብ ይበሉ፣ ጎረቤትን ይበድሉ፣ ብርቱው ደካማውን ይበላ ነበር። ቀጥለው መልእክተኛው ምን እንዳዘዟቸው ተናገሩ፦ አንድ አላህን ማምለክ፣ እውነት መናገር፣ አማናን መጠበቅ፣ ዝምድናን መቀጠል፣ ለጎረቤት መልካም መሆን፣ ደም አለማፍሰስ። ሶላትን፣ ዘካንና ጾምን አነሱ። ከመጽሐፉ እንዲያሰሙ ሲጠየቁ ደግሞ ከሱረቱ መርየም አነበቡ። አድማጮቻቸው የሚያከብሯትን መርየምን መረጡ፤ የሚያገናኘውን አስቀደሙ። ሆኖም በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ እምነታቸውን አልደበቁም።

ከዚህ ሦስት ነገር ውሰዱ። አንደኛ፣ ሐቁን ተናገሩ፤ ሙስሊሞች ሁሉ ፍጹም ናቸው አትበሉ። ሁለተኛ፣ ዲኑ ሰውን እንዴት እንደሚያኖር አሳዩ። ሦስተኛ፣ በተጠየቃችሁት ልክ መልሱ። በዲን ማስገደድ የለም። የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ «ኡስታዜን ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉ፤ ጠይቃችሁም ንገሩት።

እንግዳው መስጂድ ማየት ከፈለገ ኢማሙን አስፈቅዱ፤ ከሶላት ሰዓት ውጪ ይሁን። ጫማ ማውለቅን፣ ልብስንና ፎቶን በተመለከተ ቀድማችሁ ንገሩት፤ በር ላይ አታሳፍሩት። የነጅራን ክርስቲያኖች መልእክተኞች መዲና መጥተው በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ እንደተስተናገዱ በሲራ ተዘግቧል። እህቶች ሆይ፣ እጅ ለመጨበጥ ከዘረጋላችሁና ካልጨበጣችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ በፈገግታ ሰላም በሉት፤ ምክንያቱንም አስረዱት። ንቀት አይመስለውም።

በአገራችን የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የተለያየ መሆኑ ይገርመዋል። «ጎረቤታሞች አይደላችሁም?» ይላችኋል። እያንዳንዱ በራሱ ሥርዓት እንደሚያርድ፣ በሠርግና በለቅሶ ግን አንዱ ለሌላው ለብቻ አዘጋጅቶ እንደሚያስተናግድ ንገሩት። ሙስሊም እንግዳ የእስላም ሥጋ ያላገኘ እንደሆነም ሽሮና ምስር አያጣም፤ በተለይ ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ በየቤቱ አለ።

ከባዱ ጥያቄ ሞጣ ላይ ይመጣል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በሞጣ ከተማ መስጂዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተጠቁ። እንግዳው ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ «እዚህ ትኖራላችሁ እንዴ?» ሊል ይችላል። አትሸፋፍኑ፤ ተቃጥሏል በሉ። ሕመሙን አትደብቁ። ግን ሕዝብን በጅምላ አትክሰሱ። ድርጊቱ በአገር ደረጃ መወገዙን፣ መስጂዶቹን መልሶ ለመሥራትም ክርስቲያን ወገኖች ጭምር ማዋጣታቸውን አብራችሁ ንገሩት። አላህ ለሰዎች ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያርቀን በሱረቱል ማኢዳ አዞናል። እንግዳው የእናንተን ዲን የሚመዝነው ስለ በደላችሁ ስትናገሩ በሚሰማው ፍትሕ ነው።

*ገመዱን የያዘው ማን ነው?*

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ አለ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰው ከጎጃም ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ጎጃም የሚሻገረው ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ፣ በሁለቱም በኩል ያሉ ሰዎች እየሳቡት ነበር። ተሻጋሪው ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ገመዱን የያዘው ሰው ሃይማኖቱ ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ይችላል? የሚያስፈልገው የሚያጠብቅ እጅ ነው።

በድሮ ጊዜ ዓባይን ተሻግረው ከጎንደር ወደ ጎጃሙ የባሶ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ጊቤ አገሮች ይመላለሱ ከነበሩት መካከል የሙስሊም ነጋዴዎች፣ ጀበርቲዎች፣ ነበሩ። በጊቤ እስልምና ከተስፋፋባቸው መንገዶች አንዱ የእነሱ ንግድ ነው። ሰዎች መጀመሪያ ያዩት ሚዛናቸውንና አማናቸውን ነው። እንግዳችሁም ዛሬ በእናንተ ገመድ ላይ ነው። ቋንቋውን አያውቅም፣ ውኃውን አያውቅም፣ መንገዱን አያውቅም።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው እንግዳውን እንዲያከብር አዝዘዋል፤ መስተንግዶውም ሦስት ቀን መሆኑን ነግረውናል። ነቢዩላህ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) እነማን እንደሆኑ ያላወቋቸው እንግዶች ሲመጡባቸው ሃይማኖታቸውን አልመረመሩም። ቀስ ብለው ወደ ቤተሰባቸው ገብተው የሰባ ወይፈን አመጡላቸው። እንግዶቹ መላእክት ነበሩ።

*የሳምንቱ የቤት ሥራ*

ከዚህ ጁሙዓ እስከሚቀጥለው ሦስት ነገር እናድርግ። አንድ፦ ሊመጣ ያሰበ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ስለ ክትባቱና ስለ ወባ መድኃኒቱ ዛሬ ጻፉለት። ሁለት፦ ቤታችሁ ያለው አጎበር ቀዳዳ ካለው ስፉት፤ ኦአርኤስም ገዝታችሁ አስቀምጡ። ሦስት፦ የጃዕፈርን መልስ ከኡስታዛችሁ ጋር አጥኑና በራሳችሁ ቋንቋ በሦስት ደቂቃ መናገር ተለማመዱ። እናንተም ነገ ለሐጅ ወይም ለዑምራ ስትሄዱ የማጅራት ገትር ክትባት ትጠየቃላችሁ፤ ያኔ እንግዶቹ እናንተ ናችሁ።

አላህ ሆይ! መንገደኞቻችንን ጠብቅ፣ በሽተኞቻችንን ፈውስ፣ አገራችንን ሰላም አድርግ። የእንግዶቻችንን ሐቅ የምንወጣ አድርገን። ኣሚን!

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶላዋት አብዙ፣ ሱረቱል ከህፍንም አትርሱ። እንግዳ ለሚጠብቅ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ ይህን አድርሱለት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።